ከኖራው መስመር ማዶ

ሴትና ወንድ አብረው ይሩጡ ወይስ ለየብቻ የሚለውን ክርክር አልወደውም። አልወደውም ስል አልገባበትም ማለቴ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ገብቼበታለሁ፤ ስገባም እጄን ሰብስቤ አይደለም። ባለፈው ወር ሰመራ ላይ፣ ማራገቢያው በማይሠራ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ፣ ለትምህርት ቤቶች የስፖርት በዓል ደንብ ሲረቀቅ ተቀምጬ ነበር። አንዱ ተነሥቶ ሴት ልጅ ከወንድ ጋር መሮጧ ነውር ነው አለ። አንዷ ተነሥታ መለየት በራሱ ጭቆና ነው አለች። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። "ሀምዳ ታውቃለች፤ የእህቷን ታሪክ ትንገረን" አሉ።

የእህቴን ታሪክ በየመድረኩ አውርቼዋለሁ። አንዲት የአዋሽ ልጅ፣ እናቷ በሃይማኖት ስም ስትከለክላት እምቢ ብላ፣ ከወንዶች ጋር ሮጣ፣ ሁሉንም ቀደመች። ጭብጨባው አንሶ አያውቅም። በዚያ ቀን ግን አላወራሁትም። እናታችን ከሞተች በኋላ እህቴ ሰኢዳ ሚሌ ላይ ባላት ምግብ ቤት፣ ውጭ የጂቡቲ መኪኖች ሞተራቸውን ሳያጠፉ ቆመው፣ የሆነውን እንደሆነው ነግራኝ ነበር። የነገረችኝን ለአዳራሹ ብሰጠው ሁለቱም ወገን እየቦጫጨቁ ይካፈሉታል። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ የሚናደድ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይናደድ።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጓድ የሚባልበት። እኔ ገና የፊት ጥርሴን የምቀይር ልጅ ነበርኩ። እናቴ ሐቢባ የወሎ ሰው ናት። አባታችን መልካ ወረር ጥጥ እርሻ ላይ ሲሠራ በወባ ሞቶ፣ እሷ አዋሽ ከጣቢያው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ይዛ ነበር የምታሳድገን። ሱቁ ውስጥ የሴት ጨርቅ፣ የሬዲዮ ባትሪ፣ ሽታው ከመንገድ የሚጠራ ሳሙና አለ። ዕቃው ከየት እንደሚመጣ ስጠይቅ "አክስትሽ ሀጂራ ከድሬ ትልካለች" እባላለሁ። ይበቃኝ ነበር። አክስት ማለት የምትልክ ሴት ናት።

ሰኢዳ ደግሞ ከትምህርት ቤት መልስ እንጨት ለቀማ ትሄዳለች። የድሬዳዋው ባቡር ከመግባቱ በፊት ትወጣና ከገባ በኋላ ትመለሳለች። ጭራሮ ተሸክማ፣ እግሯ በእሾህ ተበሳስቶ፣ ደረቷ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ እያለ። ጭራሮውን የምትፈታው እናቴ ብቻ ናት፤ ያውም ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታ።

"እንጨት እንዲህ ያስሮጣል?" አልኳት አንድ ቀን።

"ጅብ አባረረኝ።"

"በቀን?"

"የአዋሽ ጅብ ሰዓት አያውቅም" አለችና ፊቷን ታጠበች።

በዚያ ዓመት ከተማው ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለ ሚዳቋ ነበር። የድሬዳዋው ባቡር ጣቢያው ከመድረሱ በፊት ኩርባው ላይ ዝግ ይላል። ጣቢያው ላይ ኬላ ስላለ፣ ኮንትሮባንድ የያዙ ሴቶች እዚያ ሲደርሱ ጥቅላቸውን በመስኮት ይወረውራሉ። ያን ጊዜ ከግራሮቹ መሃል አንድ ልጅ ይወጣል፤ ጥቅሉን አፈፍ አድርጎ ጠባቂዎቹ ሳይደርሱበት ይሰወራል። ፊቱን ያየ የለም። ቁምጣ፣ ሰፊ ሸሚዝ፣ እስከ ቅንድብ የወረደ ኮፍያ፣ ይኸው ነው። ጥቅሉን በግራ ብብቱ ቆልፎ ቀኝ እጁን ብቻ እያወዛወዘ ይሮጣል። ሚዳቋ ብለው ስም ያወጡለት ራሳቸው ጠባቂዎቹ ናቸው። የኬላው ኃላፊ አለሙ አንድ ቀን ሲያባርረው ሐዲዱ አደናቀፈውና የፊት ጥርሱ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የመንግሥት ሥራ መሆኑ ቀርቶ የሰውዬው ደም ሆነ። ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ከሳቀ በሱ የሳቁ እየመሰለው ዞር ይላል።

እኛ ልጆች ሚዳቋና ጠባቂ እንጫወት ነበር። ወንዶቹ "ሴት ሚዳቋ አትሆንም" ብለው እኔን ባቡር ያደርጉኛል። ባቡር መሆን ማለት አንድ ቦታ ቆሞ መጮኽ ነው። እጮኽ ነበር፣ ምን ላድርግ።

የስፖርት በዓሉ ሲቃረብ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ልምምድ ተጀመረ። የስፖርት አስተማሪያችን መምህር ገብረሥላሴ ሜዳውን በኖራ መስመር ለሁለት ከፈሉት። ከመስመሩ ማዶ ወንዶች፣ ወዲህ ሴቶች። የኖራው አቧራ ሳይሰክን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ታንጉት ከተፍ አለች። ድምጿ ድምፅ ማጉያ የማያስፈልገው ሴት ናት፤ እኔ እንደሷ መሆን ነበር የምመኘው።

"ጓድ መምህር፣ ይሄ መስመር ምንድን ነው? አብዮቱ ያፈረሰውን አጥር አንተ በኖራ ትቀጥላለህ?"

"አጥር አይደለም፣ ጓድ ታንጉት። ሰኢዳን ይመልከቷት። ዛሬ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከወንዶቹ ምናልባት ጀማሉዲንን ካልሆነ በቀር የማትቀድመው የለም። ትንሽ ቆይተው ግን እነዚህ ጎረምሶች ጉልበት ያወጣሉ። ያኔ አብራችሁ ሩጡ ብንል ሽልማት የምታይ ሴት አትኖርም። እኔ የራሷን ቦታ ነው የሰጠኋት።"

"እስከዚያስ? አሁን የምትቀድመውስ?"

"አሁንማ..." አሉና አንገታቸውን አከኩ።

መምህር ገብረሥላሴን በዚያ ቀን ጠላኋቸው፤ ብዙ ዓመትም ጠልቻቸው ኖርኩ። ዛሬ እንኳን ሰው በፊቴ ቢያነሣቸው፣ ሐሳባቸው ትክክል እንደነበር እየጮኽኩ ነው የምከራከረው። የተሳሳቱት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ማን ምን እንደሚፈልግ ሳይጠይቁ ምርጡን ልጅ በጣታቸው አሳዩ።

በዚያው ቀን አለሙ መጣ። ካኪ ለብሶ፣ ላንድሮቨሩን ከሜዳው ዳር አቁሞ። የበዓሉ ኮሚቴ አባል ነኝ አለ። "ለአውራጃው ቡድን ፈጣን ልጅ እፈልጋለሁ። ማነው የሚቀድመው?"

መምህር ፊሽካቸውን ነፉ። ወንዶቹ ሮጡ። ጀማሉዲን ከፊት ወጥቶ ማንም ሳይደርስበት ገባ። የጎረቤታችን የኡሙሀኒ ልጅ ነው፤ ከቤታቸው የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ። አለሙ ጠራውና ኮቱን አውልቆ ጠቀለለው። "ይህን በግራ ብብትህ ያዝና እንደገና ሩጥ" አለው። ጀማሉዲን ግር ብሎት መምህርን አየ። መምህርም ግር ብሏቸው "የአዲስ አበባ ስልጠና ይሆናል፣ ሩጥ" አሉት። ሮጠ። አለሙ ዓይኑን አጥብቦ አየው።

በዚያው ሰዓት ከመስመሩ ወዲህ ሴቶቹ ይሮጡ ነበር። ሰኢዳ በአለሙ ጀርባ በኩል አለፈች፤ በጣም ከመቅረቧ የተነሣ ያስነሣችው አቧራ ጫማው ላይ አረፈ። አንገቱን አላዞረም። ተናደድኩ። ፈጣን ልጅ ፈልገህ ከመጣህ ዞር ብለህ አታይም? ሰኢዳ ስትመለስ ፊቴን አይታ መጣችና እጇን አፌ ላይ አደረገች፤ ገና አንድ ቃል ሳልተነፍስ።  

አለሙ ጀማሉዲንን ላንድሮቨሩ ላይ አሳፈረው። መምህር አጨበጨቡ። እኛም አጨበጨብን።

ቤት ስገባ እናቴ ሱቁን በቀን ዘግታ ተቀምጣለች። ከግድግዳው ማዶ ኡሙሀኒ ታለቅሳለች፤ ትንፋሿን ውጣ ውጣ።

"ጀማሉዲንን ወሰዱት" አልኩ፣ ወሬ ቀድሜ በማምጣቴ ደስ ብሎኝ።

"ለሩጫ ተመርጦ ነው" አለች እናቴ። "ሰኞ በባቡር ወደ ላይ ይሄዳል።"

"እና እትዬ ኡሙሀኒ ለምን ታለቅሳለች?"

"ልጅ ሲሄድ ይለቀሳል። አንቺ ግን ውጭ ወጥተሽ ስለሱ አንድ ነገር ብትናገሪ፣ ወላሂ ምላስሽን እቆርጠዋለሁ።"

ጀማሉዲን ያን ሰዓት በኬላው መጋዘን ውስጥ፣ ከሰው በተወረሰ ጨርቅ ክምር ላይ እጁን ታስሮ ተቀምጦ ነበር። ክሱ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፤ በዚያ ዘመን በዚያ ክስ ሰኞ በባቡር ወደ ላይ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚነግርህ አልነበረም። እኔ የማውቀው ተመርጦ መሄዱን ብቻ ነው። ቅናት አንገበገበኝ። ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ እህቴ።

በማግስቱ አርብ ሰኢዳ ከትምህርት ቤት ቀረች። ከሰዓት ላይ ከኬላው በኩል ስትመጣ አገኘኋት። ፊቷ በጥፊ እንደተመታ ሰው ፊት ቀልቷል።

"የት ሄደሽ ነው?"

"አለሙ ዘንድ።"

"ምረጠኝ ልትይው?"

ትንሽ አሰበችና "አዎ" አለች። "ሳቁብኝ።"

ቅዳሜ ቀበሌው ሰበሰበን። ከላይ እንግዳ ስለሚመጣ በዓሉ ማማር አለበት ተባለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ደስታው፣ የላቡን መሐረብ አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ፣ የውድድሩን ተራ ሲያነብ "የወንዶች ሩጫ፣ ቀጥሎ የሴቶች ሩጫ" ሲል ሰኢዳ እጇን አወጣች። እህቴ በሰው ፊት የምትናገር ልጅ አልነበረችም።

"ከወንዶቹ ጋር መሮጥ እፈልጋለሁ።"

ሳቅ ተነሣ። ታንጉት ግን ከወንበሯ ተስፈንጥራ ቆመች። "ይኸው። ስንት ዓመት የምናወራውን ልጅቷ በአንድ ቃል ተናገረችው። ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህቺ ልጅ ከወንዶቹ ጋር ካልሮጠች እኔ እንግዳው ፊት ንግግር አላደርግም።"

"ንግግርሽ ከቀረማ ፀሐዩም ይቀልልን ነበር" አለ ከኋላ አንድ የባቡር ሠራተኛ፤ ሰዉ ሳቀ።

መምህር ገብረሥላሴ ተነሡ። "አንድ ልጅ ለትርኢት ብለን እዚያ መሃል ብንከታት..."

"ልጄ ከወንድ ጋር አትሮጥም።" እናቴ ነበረች። ሻሿን እስከ ግንባሯ አውርዳ፣ ግድግዳ ተደግፋ። "ሐራም ነው። እግሯን ገልጣ ከጎረምሳ መሃል አትገባም። የሴቶቹን ትሩጥ፤ ከሴቶቹ ጋር እስክትሰነጠቅ ትሩጥ። ከወንድ ጋር ግን አይሆንም።"

"ሃይማኖት ከቤትሽ ነው፣ እህት ሐቢባ" አለ ደስታው። "እዚህ ቀበሌ ነው። እንግዳውም ደስ ይለዋል። ትሮጣለች።"

እናቴን በዚያ ቀን ያየሁበት ዓይን ለብዙ ዘመን አልተለወጠም። ኋላ ቀር፣ ፈሪ፣ የልጇን እግር የምታስር ሴት። እንዲያ ብዬ ጽፌያለሁም። እናቴ ግን ሐራም የምትለውን ነገር ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ሩጫ ከውስጡ አልነበረም። ያንን ቃል ያነሣችው ከስብሰባው ውስጥ ማንም የማይመረምረው ምክንያት እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ጓዳ ውስጥ ሲጨቃጨቁ በሩ ሥር ተቀምጬ ሰማሁ።

"አለሙ እዚያ ቆሞ እያየሽ?" ትላለች እናቴ።

"እንዲያይ ነው እንጂ።"

"አብደሻል።"

"ነገርኳቸውኮ እማ። በአፌ ነገርኳቸው። ሂጂ እንጨትሽን ልቀሚ ብለው ሳቁብኝ። ካላዩኝ አያምኑም።"

"አያምኑ። አላህ ነው ዓይናቸውን የጋረደው። አንቺን ከያዙ እኔን ይይዛሉ፣ ሀጂራን ይይዛሉ። ይህቺ ሕፃን ማን ዘንድ ትወድቃለች?"

"እሱስ? ሰኞ ይወስዱታልኮ። የሰው ልጅ በኔ ምክንያት..."

"የሰው ልጅ ነው" አለች እናቴ። ድምጿ ተሰበረ። "አንቺ ግን የኔ ነሽ።"

በሩ ሥር ሆኜ ሁሉንም ተረዳሁት፤ ማለትም አንዱንም አልተረዳሁም። ሰኢዳ ትመረጥ ዘንድ አለሙ ፊት መሮጥ ትፈልጋለች፤ እናቴ ደግሞ ልጇን ላለማጣት ታስቀራታለች። የጀማሉዲን መሄድ ለምን "በኔ ምክንያት" እንደሆነ አልገባኝም፤ ልጅ ያልገባውን ይዘለዋል።

ሚዳቋ እህቴ ነበረች። ቁምጣውና ሸሚዙ የአባታችን ነበሩ፤ ጭራሮው ውስጥ ተጠቅልሎ የሚመጣው የሀጂራ ጥቅል ነበር። አንድ ከተማ ሙሉ ጠባቂ ይዞ ዓመት ሙሉ ወንድ ሲፈልግ ኖረ። ከኖራው መስመር ወዲህ፣ በአለሙ ጀርባ፣ አቧራ እያስነሣች ስታልፍ የሸሸጋት ያ መስመር ነበር። መለየት ጭቆና ነው የምትለው ሴትዮ ይህን ምን ታደርገዋለች? ነውር ነው የሚለው ሰውዬስ፣ ያ ነውር ማንን እንዳዳነና ማንን እንዳሳሰረ ያውቃል?

እሑድ ሜዳው ሰው በሰው ሆነ። ሙቀቱ ከመሬት ነበር የሚነሣው። ቀይ ጨርቅ የለበሰ መድረክ ላይ እንግዳው ተቀምጦ በጋዜጣ ይናፈሳል። ታንጉት ተናገረች፤ ፀሐዩም ቀጠለ። ከከተማ ወጣ ብለው የሰፈሩ አፋሮች ግመሎቻቸውን ይዘው መንገዱ ዳር ቆመው ይመለከታሉ። አለሙ መጨረሻው ላይ ነበር፤ የሚበጠሰው ገመድ ከታሰረበት እንጨት አጠገብ፣ ለጥበቃ።

ወንዶቹ ተሰለፉ። ሰኢዳ ጫፍ ላይ ቆመች፤ የሴቶቹን ሰፊ ቁምጣ ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ። አንዱ ጎረምሳ "እህቴ፣ ማድቤቱ በዚያ በኩል ነው" አላት።  እሷ አለሙን ነበር የምታየው።

ፊሽካው ተነፋ።

ውድድሩ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ተነሥቶ፣ ከሐዲዱ ማቋረጫ ዞሮ መመለስ ነው። ሲሄዱ በአቧራው ውስጥ ማን ማን እንደሆነ አይለይም ነበር። ሲመለሱ ከፊት አንድ ሻሽ ታየኝ፤ መጮኽ ጀመርኩ። ከዚያ አሯሯጧን አየሁና ጩኸቴ አፌ ውስጥ ቀረ። ግራ ክንዷን ከጎኗ አጣብቃዋለች። ባዶ ብብቷን ቆልፋ፣ ቀኝ እጇን ብቻ እያወዛወዘች፣ እንደ ሰባራ ነገር ትሮጣለች።

"ክንድሽን ፍቺው" ይላሉ መምህር ገብረሥላሴ ከዳር እየሮጡ። "ሰኢዳ፣ ክንድሽን ፍቺ፣ ትቀደሚያለሽ።"

አልፈታችውም። ከኋላዋ ያለው ልጅ እየቀረበ መጣ፣ ትንፋሹ ሻሿን ሊነካ ደረሰ። ያን ጊዜ የሆነ ነገር ጨመረች። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ገመዱን ደረቷ በጠሰው። አልቆመችም፤ ቀጥ ብላ አለሙ ፊት ሄዳ ቆመች። ክንዷ ገና እንደተቆለፈ ነው።

እኔ በሰው እግር መሃል ሾልኬ ከጎናቸው ደርሼ ነበር። የአለሙ ፊት ደም አልነበረበትም። ክንዷን አየ። እግሯን አየ። እንደገና ክንዷን አየ።

"እንዲህ መሮጥ ማን አስተማረሽ?" አላት በቀስታ።

"እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ አለሙ።"

ሊቀመንበሩ ደስታው ላቡን እየጠረገ ደረሰ። "አየህ ጓድ አለሙ፣ ሴት ወንዶቹን ስትጥል? እንግዳው ተነሥቶ ነው ያጨበጨበው። ግን ምነው ክንዷ? ዕቃ የያዘች ነው የምትመስለው።"

 የአለሙ ምላስ የተሰበረውን ጥርሱን ሲፈልግ ይታየኝ ነበር። እናቴ ከሕዝቡ ፊት ወጥታ ቆማለች፤ እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ። ታንጉት ሰኢዳን ልታቅፍ እየመጣች ነው። የሰው ዓይን ሁሉ በዚያ ሥፍራ ነበር።

"ታማ ነው" አለ አለሙ። "የክንድ ሕመም ነው።"

እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ፀሐዩ መሰለኝ።

እንግዳው በተገኘበት ሜዳ "ይህቺ ናት" ቢል፣ ዓመት ሙሉ ያላገኟት፣ ጥርሱን ያሰበረችው፣ ሠልጥኖ የገባ ጎረምሳ ነው እያለ ወደ ላይ ሪፖርት ያደረገባት የአሥራ አራት ዓመት ልጃገረድ እንደሆነች መናገሩ ነበር። በሻይ ቤት ሳቅ የሚሞት ሰው ያን አይችልም። ምሕረት አልነበረም። ምሕረት ነው ብሎ የሚጽፍ ካለ እኔን ያግኘኝ።

ከመሄዱ በፊት ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። ከእኔ በቀር የሰማው የለም። "ከእንግዲህ ስትሮጪ እንዳላይሽ። በሜዳም በሐዲድም።" ይህን ቃል ወንዶች ለሴቶች ስፖርት ያላቸው ጥላቻ ማስረጃ አድርጌ ስንት አዳራሽ አስጨብጭቤበታለሁ። ሰኢዳ ለአውራጃው ተመርጣ አልሄደችም። ከዚያ ቀን በኋላ ባቡር ሊያመልጣት ሲል እንኳን በእርምጃ ነው የምትሄደው። ወንዶቹን ሁሉ ቀደመች ስልም አንድ ነገር እዘላለሁ፤ ከወንዶቹ ፈጣኑ በዚያ ሰዓት መጋዘን ውስጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ ጥላው ወደ ግድግዳው ሲጠጋ፣ ሁለት ሰዎች ጀማሉዲንን በትከሻቸው ደግፈው አመጡት። ማስረጃ አልተገኘም ተብሎ መለቀቁን እናቴ ለኡሙሀኒ ስትናገር ሰማሁ። እኔ ግን ሳይመረጥ የቀረ መሰለኝና አዘንኩለት። ሁላችንም ኡሙሀኒ ቤት ገባን። ፍራሽ ላይ አጋደሙት። እግሮቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ ጨርቁ ከሥር ጠቁሯል። የውስጥ እግሩን ገርፈውት እንደነበር ያወቅሁት ሚሌ ላይ ነው። ያን ጊዜ ስልጠናው ከባድ መሆኑን ብቻ አሰብኩ። ጀማሉዲን ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ ተራምዶ አያውቅም።

ኡሙሀኒ በማሰሮ ያሞቀችውን ውኃ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አፍስሳ ጨው ጨመረችበት። እናቴ በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። ሰኢዳ ከፍራሹ እግርጌ ነበረች።

"ብዙ ጠየቁህ?" አለችው።

"አንድ ነገር ነው የሚጠይቁት።" ጀማሉዲን ከንፈሩ ስለደረቀ ቃሉን እየቆራረጠ ነበር የሚያወጣው። "ልቀቁኝ፣ እኔ አይደለሁም፣ እሱ እኔን ይቀድመኛል ብያቸው ነበር። አንድ ቀን ፍየል ስጠብቅ አይቼው ከሐዲዱ ማዶ ተከትዬው አልደረስኩበትም አልኳቸው። ከዚያ፣ እንግዲያው የቀደመህን ታውቀዋለህ፣ ማነው አሉኝ።"



"ምን አልካቸው?" አለች ሰኢዳ።

"ወንድ ነው አልኳቸው" አለ ጀማሉዲን። ዓይኑን ከጣሪያው ላይ አላነሣም። "ሲመቱኝም ወንድ ነው አልኳቸው። የማላውቀው ወንድ ነው።"

ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመብኝ ሁሉ ገነፈለ። የአለሙ ጀርባ፣ የጎረምሳው ማድቤት፣ የእናቴ ሐራም፤ አሁን ደግሞ ይሄ። እያወቀ ይክዳታል።

"ውሸታም" አልኩት። "የምትቀድምህ ሰኢዳ ናት። ራስህ ታውቃለህ።"

እናቴ ዘላ አፌን ያዘችኝ። መዳፏ ጥርሴን እስኪያመኝ ተጫነ።  ኡሙሀኒ ጨርቁን ውኃው ውስጥ እንደነከረች ቀረች። ቀስ ብላ ቀና አለች። መጀመሪያ ልጇን አየች፤ ጀማሉዲን ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ እናቴን አየች። መጨረሻ ላይ ሰኢዳን አየቻት፤ ከሻሿ ጀምራ እስከ እሾህ የበሳሳው እግሯ ድረስ። ልትጮኽ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ብትጮኽ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ይሰማል።

ኡሙሀኒ ጨርቁን ጨመቀችው። ጎድጓዳ ሳህኑን በመሬቱ ላይ እየገፋች ሰኢዳ ጉልበት አጠገብ አደረሰችው።

"እንግዲህ አንቺ እጠቢው" አለቻት።

ሰኢዳ ተንበረከከችና ጨርቁን ከእግሩ መፍታት ጀመረች።